ሁለት ክረምት ያላት ጨረቃ፦ የታይታን የበረዶ ደመናና የወቅቶቿ ኬሚስትሪ

ስለ ታይታን በአማርኛ ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሰው ገና ከመነሻው አንድ ቃል ያስቸግረዋል፤ ክረምት። ለእኛ ክረምት ማለት ሰኔ ግም ሲል የሚገባው ዝናብ፣ ነጎድጓድና ጭቃ ነው። ስዊድን ወይም ሚኒሶታ የሚኖር ዘመድ ደውሎ «ክረምቱ ገባብን» ሲል ግን የሚያወራው ስለ ጨለማው፣ ስለ ብርዱና ከደጅ በረዶ ስለ መዛቅ ነው። አንዱ ቃል ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ተሸክሟል። የእኛ ክረምት የሚገባው ፀሐይ ወደ ሰሜን ባዘነበለችበት ወራት ነው፤ የእነሱ ደግሞ ፀሐይ በሸሸችበት።

እዚህ ምድር ላይ ይህ የቃል ጣጣ ነው፤ ቢበዛ አንድ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሳተርንን በምትዞረው በታይታን ላይ ግን ሁለቱም ክረምቶች በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። ፀሐይ በበረታችበት ዋልታ ላይ ሜቴን ይዘንባል፤ ያ የእኛ ዓይነት ክረምት ነው። ፀሐይ ለዓመታት በማትወጣበት ዋልታ ላይ ደግሞ፣ ከዝናብ ደመና እጅግ ከፍ ብሎ፣ ሌላ ደመና ይረጋል። በረዶው የውሃ አይደለም፤ የሃይድሮጅን ሳያናይድ፣ የሳያኖአሲቲሊንና የመሰሎቻቸው ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በሁለተኛው ክረምት ላይ ነው። ግራ እንዳያጋባ ከዚህ በኋላ አንዱን የብርሃን ወቅት፣ ሌላውን የጨለማ ወቅት እለዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው እንዲህ ይቀመጣል። እነዚህ የበረዶ ደመናዎች ከየት መጡ? ወቅቱ ነው ኬሚስትሪውን የሚለውጠው ወይስ ኬሚስትሪው ወቅቱን? ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎች የአየር ጠባዩን ለሜትዮሮሎጂ፣ ሞለኪውሎቹን ለኬሚስትሪ ከፋፍለው ይዘውት ነበር። ከ1980 ወዲህ የተሰበሰበው ማስረጃ ሲደመር ግን ክፍፍሉ እንደማያዋጣ ያሳያል። ትንበያዎች በታይታን ላይ ደጋግመው የከሸፉት ሁለቱ በተለያዩበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

ብርቱካናማው መጋረጃ

ክርስቲያን ሃይገንስ ታይታንን ያገኛት በማርች 1655 ነው። አየር እንዳላት የሚጠቁም ነገር ግን እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አልመጣም። በ1907 ስፔናዊው ኮማስ ሶላ የክብዋ ጠርዝ ከመሐሏ ይልቅ ደብዝዞ ታየው። በ1944 ጄራርድ ካይፐር ከእሷ የሚመጣውን ብርሃን በትኖ ሲመለከት የሜቴንን አሻራ አገኘበት። አንዲት ጨረቃ እውነተኛ ከባቢ አየር እንዳላት የተረጋገጠው ያኔ ነው።

ሜቴን ለእኛ እንግዳ ጋዝ አይደለም። ከከብት እበት በሚወጣው ባዮጋዝ ውስጥ ምድጃውን የሚያነደው እሱ ነው። በታይታን ገጽ ላይ ያለው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ስለሆነ ሜቴን እዚያ ውሃ ምድር ላይ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ይተናል፣ ደመና ይሆናል፣ ይዘንባል፣ ወንዝ ሆኖ ይፈስሳል፣ ሐይቅ ሆኖ ይተኛል። ውሃው ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

በኖቬምበር 1980 የቮየጀር 1 መንኮራኩር በታይታን አጠገብ አለፈች። ይህን መንገድ በመምረጧ ወደ ፕሉቶ የመሄድ ዕድሏን አጣች። በምላሹ ያገኘችው ፎቶ ሲታይ ግን ምንም ምልክት የሌለበት ብርቱካናማ ኳስ ነበር፤ ወፍራም ጭጋግ ገጿን ፈጽሞ ሸፍኖታል። የቮየጀር ትልቁ ትርፍ በዓይን ከሚታየው ውጭ መጣ። በመንኮራኩሯ ላይ የነበረው የኢንፍራሬድ መሣሪያ ከጭጋጉ የሚወጣውን ሙቀት አንብቦ ሃይድሮጅን ሳያናይድን፣ ሳያኖአሲቲሊንንና ሌሎችን አገኘ። የአየሩ ዋና ክፍልም ልክ እንደ ምድር ናይትሮጅን መሆኑ ተረጋገጠ፤ 95 በመቶ ገደማ። 5,150 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላትና ከሜርኩሪ የምትበልጠው ይህች ጨረቃ በገጿ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከእኛ ባሕር ወለል አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ፋብሪካው ያለው ከላይ ነው

በረዶው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከገጿ በላይ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መውጣት ያስፈልጋል። እዚያ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና በሳተርን መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ኤሌክትሮኖች የናይትሮጅንና የሜቴን ሞለኪውሎችን ይሰባብራሉ። ከሜቴን አንድ ሃይድሮጅን ሲገነጠል የሚቀረው ስብርባሪ ሜቲል ይባላል። ሁለት ሜቲሎች ሲገናኙ ኢቴን ይሆናሉ። ሌላ መንገድ ሲከተሉ ደግሞ በየብየዳ ቤቱ ከኦክስጅን ጋር የሚነደው አሲቲሊን ይወጣል። የናይትሮጅን ስብርባሪ ከካርቦን ጋር ሲጣመር ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይፈጠራል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ካሳቫ ከመበላቱ በፊት የሚዘፈዘፈውና የሚደርቀው ከዚሁ መርዝ እንዲነጻ ነው።

ሜቲል ለረጅም ጊዜ በስሌት የሚታወቅ ነገር ነበር። በጣም ቸኩሎ ስለሚጣመር በታይታን አየር ውስጥ ሲያዝ አልታየም። በ2025 የታተመ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ምልከታ ግን ስብርባሪውን ራሱን በቦታው አገኘው። በመነሻውና በውጤቱ መካከል የነበረው ቀለበት ተገጠመ ማለት ነው።

ሰንሰለቱ በዚህ አያቆምም። የካሲኒ መንኮራኩር በላይኛው አየር ውስጥ ስታልፍ ከሃይድሮጅን አቶም ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚከብዱ አሉታዊ አዮኖችን መዝግባለች። እነዚህ እየተጣበቁ ሲወርዱ ብርቱካናማው ጭጋግ ይሆናሉ። ካርል ሴጋንና ቢሹን ኬር በቤተ ሙከራ የሠሩትን ተመሳሳይ ዝልግልግ ቡናማ ነገር በ1979 «ቶሊን» ብለው ሰይመውታል። ከሜቴን የተገነጠለው ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ወደ ጠፈር ያመልጣል፤ ስለዚህ ምርቱ ወደ ሜቴን ተመልሶ አይፈርስም። አዲስ ሜቴን ከውስጥ ካልተተካ አሁን ያለው በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ያልቃል ተብሎ ይሰላል።

እስካሁን ያለው ታሪክ ወቅት አልነካካውም። ፋብሪካው ሁልጊዜ ይሠራል። ወቅቱ የሚመጣው ምርቱ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

ቁልቁል የሚወርደው አየር

ሳተርን 26.7 ዲግሪ ያዘመመች ናት፤ ታይታንም ከእርሷ ጋር ታዘማለች። ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ስለሚፈጅባቸው በታይታን አንዱ ወቅት ከሰባት ዓመት በላይ ይቆያል። እዚያ በጨለማው ወቅት መግቢያ የተወለደ ልጅ፣ ዋልታው ላይ ፀሐይን ሲያይ አንደኛ ክፍልን ጨርሶ ብዙ ርቋል ማለት ነው።

የእኛን ክረምት የሚያመጣው የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀበቶ ነው። ቀበቶው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ይመለሳልም፤ ግን ከምድር ወገብ ብዙም አይርቅም። ምድር ቶሎ ቶሎ ስለምትሽከረከር አየሩ ወደ ዋልታ ሳይደርስ ይጠመዘዛል። ታይታን በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ለመዞር 16 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። በዚህ ዝግታ የተነሣ አየሩ በብርሃኑ ንፍቀ ክበብ ተነሥቶ፣ ከፍ ብሎ ተሻግሮ፣ በጨለማው ዋልታ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ግዙፍ ዑደት ጨረቃዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቅፋል።

የወራጁ አየር ጓዝ የላይኛው ፋብሪካ ምርት ነው። በዋልታው ዙሪያ የሚነፍሰው ፈጣን ነፋስ እንደ አጥር ሆኖ የገባውን እንዳይወጣ ያደርጋል። ስለዚህ በጨለማው ዋልታ ላይ ሃይድሮጅን ሳያናይድ፣ ሳያኖአሲቲሊንና አሲቲሊን ከሌላው ቦታ እጅግ በበለጠ መጠን ይከማቻሉ። ካሲኒ በጁላይ 2004 ሳተርን ስትደርስ ሰሜኑ በጨለማ ወቅት መካከል ስለነበር ይህንኑ ክምችት እዚያ አግኝታለች።

አየሩ ሲወርድ ወደ ቀዝቃዛው ንጣፍ ይጠጋል። ከገጹ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 200 ዲግሪ ያልፋል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱ የመርጊያ ቦታ አለው። አንዱ ገና ከላይ ይረጋል፤ ሌላው ዝቅ ብሎ፤ ኢቴን ከሁሉም ወደታች። በዚህ ምክንያት የታይታን የበረዶ ደመና በአንድ ቦታ የተከመረ ክምር አይደለም፤ በየንጣፉ የተደራረበ ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ሰነድ ይመስላል። ካሲኒ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የኢቴን ደመና እንዳገኘች በ2006 ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ የሜቴን በረዶ ደመና ራሱ በጨለማው ዋልታ ስትራቶስፌር ታችኛው ክፍል እንደሚፈጠር ታይቷል፤ ይህም የሆነው ወራጁ አየር ሜቴኑን ጨምቆ ወደ ቅዝቃዜው ስላወረደው ነው።

ይህ የንጣፎች ሥዕል ቆንጆና ለመረዳት ቀላል ነበር። ቀጥሎ የሚመጡት ሦስት ነገሮች ግን ፈተኑት።

በ2012 የመጣው እንግዳ

በኦገስት 2009 ቀንና ሌሊት በታይታን እኩል ሆኑ፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ተሻገረች። ደቡቡ ለመጀመሪያ ጊዜ በካሲኒ ዓይን ፊት ወደ ጨለማ ገባ። መጀመሪያ ሁሉም እንደ ተጠበቀው ሄደ። በ2010 እና 2011 ወራጁ አየር ሲጨመቅ ስለሚሞቅ፣ የብስክሌት ጎማ ሲነፋ ፓምፑ እንደሚሞቀው ማለት ነው፣ በደቡብ ዋልታ ላይ ከፍ ብሎ ሙቅ ቦታ ታየ። ጋዞቹም በፍጥነት ተከማቹ።

በ2012 አጋማሽ የካሲኒ ካሜራ በደቡብ ዋልታ ላይ አንድ ነገር ቀረጸ። ከጨለማው ጠርዝ ብቅ ያለ፣ ቢጫማ፣ ወተት ሲማሰል የሚሠራውን የመሰለ ጥቅልል ያለው ደመና ነው። ጨረቃዋ ራሷ በ16 ቀን አንዴ ስትዞር ይህ አዙሪት በ9 ሰዓት ገደማ አንዴ ይሽከረከር ነበር። ከፍታው 300 ኪሎ ሜትር ነው። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ለማንኛውም በረዶ እጅግ ሞቃት መሆን ነበረበት። አዙሪቱ ሊረጋ በማይገባው ቦታ ረግቶ ተገኘ።

ሬምኮ ደ ኮክና ባልደረቦቹ በ2014 መልሱን አሳተሙ። ከደመናው የተንጸባረቀው ብርሃን የሃይድሮጅን ሳያናይድ በረዶ አሻራ ነበረበት። ያ በረዶ በዚያ ከፍታ እንዲኖር ደግሞ አየሩ ከዜሮ በታች 148 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ ነበረበት፤ ይህም ሞዴሎቹ ካሉት ቢያንስ በ100 ዲግሪ ያነሰ ነው። ከዚያ ዝቅ ባለው ስትራቶስፌርም ከ2010 በኋላ ባሉት አራት ዓመታት የደቡቡ ሙቀት እስከ 40 ዲግሪ ወርዷል፤ ሰሜኑ በዚያው ጊዜ የሞቀው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ሙቅ መሆን የነበረበት ቦታ እንዴት ቀዘቀዘ? በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የኒክ ቲንቢ ቡድን በ2017 ያቀረበው ማብራሪያ ኬሚስትሪውን ወደ አየር ጠባዩ መሐል አስገባው። በደጋ አገር የኖረ ሰው ይህን ከኅዳርና ከታኅሣሥ ሌሊት ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ የቀን ሙቀቱን ሁሉ ወደ ላይ ይተነፍሳል፤ ጠዋት ውርጭ ባቄላውን መትቶት ይገኛል። የውርጭ ምክንያቱ ሙቀቱ ተመልሶ የማይተካ መሆኑ ነው። በታይታን ደቡብ ዋልታ ላይ ሙቀቱን የሚተነፍሰው መሬት ሳይሆን የተከማቸው ጋዝ ራሱ ነው። ሃይድሮጅን ሳያናይድና አሲቲሊን ኢንፍራሬድ በማፍለቅ የተካኑ ናቸው። ፀሐይ በሌለችበት፣ ክምችቱም ከልክ ባለፈበት ጊዜ፣ ሙቀቱን ወደ ጠፈር እየረጩ አየሩን ያቀዘቅዙታል። በወራጁ አየር መጨመቅ የሚመጣው ሙቀት ሊያሸንፋቸው አልቻለም። የቀንና የሌሊት እኩሌታው ካለፈ ከ2 እስከ 6 ዓመት ድረስ ቅዝቃዜው በረታ። በሌሎች ፕላኔቶች የጨለማ ዋልታ ላይ ሙቅ ቦታ ታይቷል፤ እንዲህ ያለ የወቅት መባቻ ቅዝቃዜ ግን በታይታን ላይ ብቻ ነው የታወቀው።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ጥያቄ የተገለበጠው። ወቅቱ ጋዙን አከማቸ፤ ጋዙ ቅዝቃዜውን ሠራ፤ ቅዝቃዜው ጋዙን ወደ በረዶ ለወጠ። ሦስቱ አንድ ሰንሰለት ናቸው፤ አንዱ ሲጎተት ሌላው ይከተላል።

በረዶ ውስጥ የሚሠራ ኬሚስትሪ

ሁለተኛው ፈተና የቆየ ነው። ቮየጀር በሰሜን ዋልታ ላይ የዳይሳያኖአሲቲሊን በረዶ አይታ ነበር፤ አራት ካርቦንና ሁለት ናይትሮጅን ያለው ሞለኪውል። ካሲኒም ደግማ አየችው። ግራ የሚያጋባው በረዶው ሳይሆን ተኑ ነው፤ ተኑ የለም። ደመና የሚረጋው ከተን ከሆነ ደመናውን የሚመግብ ተን በዙሪያው መታየት አለበት። ይህ ግን ባዶ ማሰሮ ላይ የተገኘ እንፋሎት ዓይነት ነበር።

በናሳ የጎዳርድ ማዕከል ካሪ አንደርሰንና ሮበርት ሳሙኤልሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2016 ሌላ መንገድ አሳዩ። በመጀመሪያ የሳያኖአሲቲሊን በረዶ ቅንጣት ይረጋል። ቅንጣቷ ዝቅ ስትል በሃይድሮጅን ሳያናይድ በረዶ ትለበጣለች። አልፎ አልፎ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲደርሳት ኬሚስትሪው በውስጧ፣ በጠጣሩ በረዶ ውስጥ ይካሄዳል፤ ከዚያም ዳይሳያኖአሲቲሊንና ሃይድሮጅን ይወጣሉ። ሞለኪውሉ ጋዝ ሆኖ አያውቅም፤ በረዶ ሆኖ ተወልዶ በረዶ ሆኖ ቀረ።

ይህ ሐሳብ ምድር ላይ ዘመድ አለው። በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ላይ የኦዞን ቀዳዳ መኖሩን ሲያሳውቁ፣ የጋዝ ኬሚስትሪ ብቻውን ሊያስረዳው አልቻለም ነበር። ሱዛን ሰለሞንና ባልደረቦቿ በ1986 መልሱ በደመና ውስጥ እንደሆነ አቀረቡ። በጨለማው ወቅት በዋልታው አዙሪት ውስጥ የሚፈጠሩት የናይትሪክ አሲድና የውሃ በረዶ ደመናዎች ክሎሪንን ከተኛበት ያስነሣሉ፤ ፀሐይ ስትመለስ ኦዞኑን ይበላዋል። በሁለቱም ዓለማት አጥር ያለው አዙሪት፣ በረዶ የሚያረጋ ቅዝቃዜና የበረዶው ገጽ የኬሚስትሪ መድረክ መሆኑ ይመሳሰላል። ልዩነቱ፣ ምድር ላይ ምላሹ የሚሠራው በበረዶው ገጽ ላይ ሲሆን በታይታን በረዶው ውስጡም ይለወጣል።

ከአንደርሰን ጥናት በፊት በ2013 የሙርቲ ጉዲፓቲ ቡድን ዳይሳያኖአሲቲሊንን በቤተ ሙከራ አርግቶ ረዘም ያለ ሞገድ ባለው ብርሃን ሲመታው ወደ ቶሊን መሰል ነገር ተለውጧል። ይህ ማለት ዝቅ ባለው አየር ውስጥ፣ ኃይለኛው ጨረር በማይደርስበት ቦታ እንኳ፣ ኬሚስትሪው አይተኛም።

አብረው ሲረጉ

ሦስተኛው ፈተና በ2015 ነው። ካሲኒ በደቡብ ዋልታ ከ160 እስከ 210 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሰፊ የበረዶ ደመና በሙቀት ጨረሩ አገኘች። የጨረሩ አሻራ ግን ከማንኛውም ንጹሕ በረዶ አሻራ ጋር አልተገጣጠመም። አንደርሰን በቤተ ሙከራዋ ክፍል ውስጥ ጋዞችን እየቀላቀለች፣ በቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ እያረጋች፣ ኢንፍራሬድ እያሳለፈች ፈተሸች። አንዱን ቀድሞ ሌላውን በላዩ ማርጋት አልሠራም። ሃይድሮጅን ሳያናይድና ቤንዚን በአንድ ጊዜ፣ ተደባልቀው ሲረጉ ግን አሻራው ተገጠመ። ቤንዚን ሲባል መኪና የሚጠጣው ነዳጅ አይደለም፤ ኬሚስቶች በዚህ ስም የሚጠሩት ስድስት ካርቦኖች በቀለበት የተያያዙበትን ሞለኪውል ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን የንጣፎቹን ሥዕል ያናውጣል። ቀደም ብሎ እያንዳንዱ ጋዝ በየራሱ ከፍታ፣ በየተራው ይረጋል ተብሎ ነበር። በዚህ ደመና ሁለቱ አብረው ረጉ። አየሩ በፍጥነት ቀዝቅዞ ሁለቱንም በአንዴ ከያዛቸው ተራ መጠበቅ የለም። ከ2012 ጀምሮ የታየው ፈጣን ቅዝቃዜ ይህን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አይከብድም። አብረው የረጉ ሞለኪውሎች ደግሞ በክሪስታሉ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ብርሃን ሲነካቸው የሚሠሩት ነገር ከተደራረቡት የተለየ ይሆናል።

ያልተፈታው ክምር

ሁሉም እንዲህ አልተፈታም። በ45 ማይክሮሜትር አካባቢ በታይታን የሙቀት ጨረር ላይ አንድ ሰፊ ጉብታ አለ። ቅርጹን አይተው ተመራማሪዎቹ «የጭድ ክምር» ብለው ሰየሙት፤ ስሙ ተለመደ። ቮየጀር በሰሜን አየችው፤ ካሲኒም በሰሜን አገኘችውና ፀሐይ ስትመለስ እየደከመ ሲሄድ ተከታተለችው። በጁላይ 2012 ደግሞ ድንገት በደቡብ ብቅ አለ። ወቅቱን እንደ ሰዓት ይጠብቃል፤ በረዶ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከምን እንደተሠራ ግን እስካሁን ስም የተሰጠው ሞለኪውል የለም።

ከጭጋጉ ጫፍ በላይ ያለው ቀጭን የተነጠለ ንጣፍ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ቮየጀር በ350 ኪሎ ሜትር ገደማ አይታው ነበር፤ ካሲኒ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስትፈልገው 500 ኪሎ ሜትር ላይ አገኘችው። ለጥቂት ዓመታት ከሁለቱ የትኛው እንደተሳሳተ ክርክር ሊነሣ ይችል ነበር። ከ2007 እስከ 2010 ግን ንጣፉ እየወረደ 380 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ያዩት የተለያየ ወቅት ነው። ከዚያም በ2012 ጠፋ፤ በ2016 ተመለሰ። ወቅትን መጠበቅ ራሱ ዘዴ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ በዚህ ጥናት ውስጥ አላውቅም።

ሌላውን ክረምት አንርሳ

ስለ ዝናቡ ክረምት ባጭሩ። በ2001 እና 2002 በታላላቅ ቴሌስኮፖች በደቡብ ዋልታ ላይ የታዩት ደመናዎች ወቅቱ ያኔ የደቡቡ የብርሃን ወቅት ስለነበር የእኛ ዓይነት ክረምት ነበሩ። በ2004 ካሲኒ ስትደርስም ደቡቡ ላይ ትልቅ የሜቴን ደመና ተነሥቶ ነበር። በ2010 ከእኩሌታው በኋላ በምድር ወገብ አካባቢ የቀስት ቅርጽ ያለው ግዙፍ ደመና መጣ። ከዚያ በኋላ ወደ 500,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ገጽ በዝናብ ጠቆረ፤ የኢትዮጵያን ግማሽ ይጠጋል። የሚዘንበው ጠብታ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ ስበቱም ደካማ ስለሆነ በሴኮንድ ከሁለት ሜትር ባነሰ ፍጥነት ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ሞዴሎቹ ከዚያ በኋላ ሰሜኑ ቶሎ ይደምናል ብለው ነበር። ሰሜኑ ዘገየ። በ2022 እና በ2023 ጄምስ ዌብና የኬክ ቴሌስኮፕ በሰሜን ሐይቆች አካባቢ ደመና ሲነሣ ተመልክተዋል። ሁለቱ ክረምቶች በአንድ ዑደት እጅ ናቸው፤ አየር በአንዱ ጫፍ ይነሣል፣ ዝናብ ይሰጣል፤ በሌላው ጫፍ ይወርዳል፣ በረዶ ይሰጣል። ከላይ የረጋው በረዶም በመጨረሻ ይወርዳል፤ በሐይቆቹ ውስጥ ይዘቅጣል፣ የምድር ወገቡን ጥቁር አሸዋ ያደልባል።

ማን ይመለከታል?

ካሲኒ በታይታን አጠገብ 127 ጊዜ ካለፈች በኋላ በሴፕቴምበር 2017 ሳተርን ውስጥ ገብታ አበቃች። 13 ዓመት ቆየች፤ ለታይታን ግን ይህ ግማሽ ዓመት እንኳ አይሞላም። የሰሜኑን ጨለማ መጨረሻ አየች፤ የደቡቡን ጨለማ መጀመሪያ አየች። አንድን ዋልታ ከጨለማው መግቢያ እስከ መውጫው ያየ የለም። የቮየጀርን የ1980 መለኪያ ከካሲኒ የ2010 መለኪያ ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች፣ አንድ ሙሉ የታይታን ዓመት ካለፈ በኋላ ጋዞቹ በአብዛኛው ወደ ነበሩበት እንደተመለሱ አግኝተዋል። ዓመቱ ይደገማል ማለት ነው፤ የመሐሉን ዝርዝር ግን በቁርጥራጭ ነው የምናውቀው።

በሜይ 2025 ቀንና ሌሊት እንደገና እኩል ሆኑ። አሁን ወደ ጨለማ የሚገባው ሰሜኑ ነው። ከላይ የተተረከው ሁሉ፣ ሙቅ ቦታው፣ የጋዙ ክምችት፣ ድንገተኛው ቅዝቃዜ፣ የ300 ኪሎ ሜትሩ አዙሪት፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል በሰሜን ይደገም እንደሆነ የሚታወቅበት ጊዜ አሁን ነው። ደቡቡ ላይ በ2012 የመጣው ዓይነት ደመና በሰሜኑ ቀጠሮው 2027 እና 2028 አካባቢ ነው።

ከምድር ግን ያ ዋልታ አይታይም። ከሳተርን ሲታይ ምድር ከፀሐይ ጎን ስለምትገኝ፣ ፀሐይ የማትደርስበት ዋልታ ከእኛ ፊቱን አዙሯል። ጄምስ ዌብና በቺሊ በረሃ ያለው የአልማ ቴሌስኮፕ የሚያገኙት የጨረቃዋን ጠርዝ፣ ከጥላው በላይ ብቅ ያለውን የላይኛውን አየር ነው። በዙሪያዋ የሚዞር መንኮራኩር የለም።

የናሳ ድራጎንፍላይ በጁላይ 2028 እንድትነሣና በ2034 እንድትደርስ ታቅዷል። ስምንት መዞሪያ ያላት፣ በኒውክሌር ኃይል የምትሠራ በራሪ ላብራቶሪ ናት፤ የምታርፈው በምድር ወገቡ አካባቢ ባለው የአሸዋ ሜዳ ላይ ሆኖ ሴልክ ወደተባለው ጉድጓድ ትዘልቃለች። የምትቆፍረው መሬት የዘመናት የሰማይ ዝቃጭ አለበት። ያኔ ሰሜኑ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ይሆናል፤ በረዶው ከላይ እየረጋ፣ እየተለበጠ፣ እየወረደ ይቀጥላል። ድራጎንፍላይ የምታፍሰው ያ በረዶ ወርዶ ካረፈ በኋላ የቀረውን ነው። ሲረጋ የሚያየው፣ ከላይ ሆኖ፣ ማንም አይኖርም።